የጋላክሲ ዙሪያ ጋዝ

የጋላክሲ ዙሪያ ጋዝ ከዋክብት ከሚታዩበት የጋላክሲ ክፍል ውጭ፣ ጋላክሲውን በሁሉም አቅጣጫ ከቦ የሚገኝ እጅግ ስስ ጋዝ ነው። አብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ሲሆን፣ በከዋክብት ውስጥ የተፈጠሩ እንደ ኦክስጅን፣ ካርቦንና ሲሊኮን ያሉ ንጥረ ነገሮችም ተቀላቅለውበታል። ስፋቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ይደርሳል። በአብዛኛው ክፍሉ በአንድ ሊትር ቦታ ውስጥ አንድ አተም ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ብቻ ስለሚገኝ፣ የራሱን ብርሃን በቴሌስኮፕ ማየት በጣም አስቸጋሪ ነው።

ጥቅሙ

የእኛ ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ)፣ በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 ፀሐይ የሚመዝን ጋዝ ወደ ከዋክብት ይለውጣል። በውስጡ ያለው ጋዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ቢሊዮን ዓመታት ያልቅ ነበር፤ ሆኖም ከ10 ቢሊዮን ዓመታት በላይ ከዋክብት ሲሠራ ኖሯል። ስለዚህ ከውጭ የሚገባ ጋዝ መኖር አለበት። በሌላ በኩል የሚፈነዱ ከዋክብት ጋዝን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ገቢውም ወጪውም የሚያልፈው በዚሁ ዙሪያ ነው።

የጥናቱ ታሪክና ዘዴ

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ላይማን ስፒትዘር በ1956 እ.ኤ.አ. ፍኖተ ሐሊብን የከበበ ሞቃት ጋዝ ሊኖር እንደሚችል ጻፈ። መነሻው ከጋላክሲው ዝርግ ክፍል ርቀው የተገኙ የጋዝ ደመናዎች ነበሩ፤ ደመናዎቹ ሳይበተኑ እንዲቆዩ ዙሪያቸውን የሚጫናቸው ነገር ያስፈልጋል። በ1969 ደግሞ ከጆን ባኮል ጋር ሆኖ፣ በኳዘሮች ብርሃን ላይ የሚታዩት ጥቁር መስመሮች በመንገድ ላይ ባሉ ጋላክሲዎች ዙሪያ ከሚገኝ ጋዝ ሊመጡ እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረበ።

ዘዴው እስከ ዛሬ ይህ ነው። ኳዘር እጅግ ሩቅና ደማቅ የብርሃን ምንጭ ነው። ብርሃኑ ወደ እኛ ሲመጣ በሌላ ጋላክሲ ዙሪያ ካለፈ፣ ጋዙ የተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶችን ይውጣል። በጭጋግ ማዶ የቆመ መኪና መብራት ስለ ጭጋጉ እንደሚነግር ማለት ነው። ሃይድሮጅን በ121.6 ናኖሜትር፣ አምስት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን በ103.2 እና በ103.8 ናኖሜትር ብርሃን ይውጣል። እነዚህ ሁሉ አልትራቫዮሌት ናቸው፤ የምድር ከባቢ አየርም ስለሚያግዳቸው መሣሪያው ጠፈር ላይ መውጣት አለበት።

በግንቦት 2009 እ.ኤ.አ. ጠፈርተኞች ኮስ የተባለውን የአልትራቫዮሌት መሣሪያ በሀብል ቴሌስኮፕ ላይ ገጠሙ። ሀብል ከ115 ናኖሜትር በታች በደንብ አያይም፤ ይህ ግን መላ አለው። ዩኒቨርስ እየሰፋ ስለሆነ ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን ሞገዱ ይረዝማል፤ በ20 በመቶ ቢረዝም የኦክስጅኑ 103.2 ወደ 124 ገደማ ይመጣል። ኮስ-ሄሎስ የተባለው ጥናት ጋላክሲዎቹን የመረጠው በዚህ ርቀት አካባቢ ነው።

ውጤቶች

ኮስ-ሄሎስ ከ40 በላይ ጋላክሲዎችን መርምሮ በ2011 ባወጣው ውጤት፣ ይህ ኦክስጅን ከዋክብት በሚሠሩ ጋላክሲዎች ዙሪያ በብዛት፣ መሥራት ባቆሙት ዙሪያ ግን በጥቂቱ ብቻ መገኘቱን አሳየ። በኋላ የታየው ይበልጥ ያስገርማል፤ ካቆሙትም ብዙዎቹ ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን በዙሪያቸው አላቸው። ነዳጁ በደጃቸው እያለ ለምን እንደማይጠቀሙበት አሁንም ያከራክራል። ኦክስጅኑ ራሱ 300,000 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ጋዝ ውስጥ ይኑር ወይስ ይበልጥ በቀዘቀዘና በሳሳ ጋዝ ውስጥ በኳዘሮች ጨረር ኤሌክትሮኖቹን ይጣ ስምምነት የለም።

የዘዴው ትልቅ ድክመት ለአንድ ጋላክሲ ብዙ ጊዜ አንድ ኳዘር ብቻ መገኘቱ ነው፤ በአንድ ቀዳዳ አይቶ ስለ ቤቱ ሁሉ እንደመናገር ይሆናል። አንድሮሜዳ ግን ቅርብ ስለሆነች ሰማይ ላይ ሰፊ ቦታ ትይዛለች። በ2020 የወጣ ጥናት ከኋላዋና በዙሪያዋ ያሉ 43 ኳዘሮችን ተጠቅሞ፣ ጋዟ እስከ 1.3 ሚሊዮን፣ በአንዳንድ አቅጣጫም እስከ 2 ሚሊዮን የብርሃን ዓመታት እንደሚዘረጋ አገኘ። አንድሮሜዳ ከእኛ የምትርቀው 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመታት ያህል ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ ጋላክሲዎች ጋዝ ከአሁኑ መነካካት ጀምሮ ሊሆን ይችላል።