ሠልጣኙ ይመዘን ወይስ ሥራው ይተንተን? የአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ከሥልጠና ወደ ሥራ የተሸጋገሩበት ታሪክ አጭር ዳሰሳ

መግቢያ

ማየት ወይም መስማት የተሳነው ወይም የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለበት ወጣት ወደ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ በር ሲቀርብ፣ ከመዝጋቢው ጀምሮ እስከ መምህሩ ድረስ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ይህ ልጅ የትኛውን ሥራ ሊሠራ ይችላል?» የሚል ነው። ጥያቄው በአብዛኛው ከቅንነት የሚመነጭ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ መልሱ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ቅርጫት መሥራት፣ መጥረጊያ ማሰር፣ ሹራብ መሥራት የሚሉ ጥቂት ሙያዎች ተዘርዝረው ይጠብቁታል፤ ወጣቱም ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን እንዲመርጥ ይደረጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው ራሱ ታሪክ ያለው መሆኑን ማሳየት ነው። በታሪክ ውስጥ የሥራ በር በእርግጥ የተከፈተው «ይህ ልጅ ምን ይችላል?» ተብሎ በተጠየቀበት ጊዜ ሳይሆን «ይህ ሙያ በምን መልክ ቢዘጋጅ ይህ ልጅ ሊማረው ይችላል?» ተብሎ በተጠየቀበት ጊዜ እንደ ነበር ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች ይመሰክራሉ። ከዚያም የአገራችን ሕግ ተመሳሳይ ጉዞ ማድረጉን እንመለከታለን። ስለ ውጭ አገር በሚነገርበት ሁሉ ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሰጠ ሲሆን፣ የአገራችን ሕጎች ግን በወጡበት የኢትዮጵያ ዘመን መጠቀሳቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ሀ. የፓሪሱ ትምህርት ቤትና የፒያኖ ቃኚው

ለዓይነ ስውራን ልጆች ተብሎ በአውሮፓ የተመሠረተው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በ1785 በፓሪስ የተከፈተው የቫላንታን አዊ ተቋም ነው። የአዊ የመጀመሪያ ተማሪ በልመና ይተዳደር የነበረ ፍራንሷ ለዙወር የተባለ ወጣት ነበር። ስለዚህ ተቋሙ ገና ከመጀመሪያው የቆመለት ጉዳይ ንባብ ብቻ ሳይሆን እንጀራም ጭምር ነበር። ልጆቹ ወደ ላይ በጎበጡ ፊደላት ማንበብ እየተማሩ በዚያው ልክ ፈትል፣ ሹራብና የኅትመት ሥራ ይለማመዱ ነበር። አዊ ስለ ዓይነ ስውራን ትምህርት በ1786 ያሳተመውን መጽሐፍ ያተሙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ሙያዎቹን የመረጡት ዓይናማ ኃላፊዎች ነበሩ፤ የተመረጡትም ለዓይነ ስውር ይስማማሉ ተብለው ከታሰቡት መካከል ነበር። ከዚህ ክልል ያወጣው ሰው ከተማሪዎቹ መካከል ተነሣ።

ክሎድ ሞንታል በ1800 የተወለደና በልጅነቱ የዓይኑን ብርሃን ያጣ ሲሆን፣ ወደ ተቋሙ የገባው በ1817 ገደማ ነው። በዚያ ዘመን የተቋሙን ፒያኖዎች ይቃኝ የነበረው ከውጭ የሚመጣ ዓይናማ ባለሙያ ነበር። ሞንታልና አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛው ፒያኖውን ራሳቸው ለመቃኘት ሙከራ ሲጀምሩ ቃኚው አቤቱታ አቀረበ፤ የተቋሙ ኃላፊም የፒያኖውን ውስጣዊ ክፍል እንዳይነኩ ከለከላቸው። ሁለቱ ወጣቶች ግን አንድ አሮጌ ፒያኖ አግኝተው እየፈቱ፣ እያንዳንዱን ክፍል በጣታቸው እያጠኑና መልሰው እየገጠሙ ሥራውን ተማሩ። የጠገኑት ፒያኖ በታየ ጊዜ ክልከላው ተነሣ፤ የተቋሙ ፒያኖዎች እንክብካቤም ለእነርሱ ተሰጠ።

እዚህ ላይ የሥራውን ጠባይ መመልከት ይጠቅማል። ክራር ወይም በገና የቃኘ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቅኝት የጆሮና የእጅ ሥራ ነው። ሁለት አውታሮች በጥቂቱ ሲለያዩ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ እያለ ይርገበገባል፤ ቃኚው መርገብገቡን እያዳመጠ አውታሩን ያጠብቃል ወይም ያላላል። የዘመናችን ፒያኖ ከ200 በላይ አውታሮች ስላሉት ሥራው ትዕግሥትና ሥርዓት ይጠይቃል እንጂ ብርሃን አይጠይቅም። ሆኖም ይህ እውነት ለዘመናት ማንንም ዓይነ ስውር የፒያኖ ቃኚ አላደረገም። የጎደለው ችሎታ አልነበረም። የጎደለው የሙያው ዕውቀት በጣትና በጆሮ ሊጨበጥ በሚችል ቅደም ተከተል አለመዘጋጀቱ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ መሣሪያውን የመንካት ፈቃድ ነበር።

ሞንታል ከተቋሙ ወጥቶ በፓሪስ ከተማ ሥራ በጀመረ ጊዜ ሁለተኛ እንቅፋት ገጠመው። ሙያው በእጁ ነበር፤ ደንበኛ ግን አልነበረውም። ዓይነ ስውር ውድ የሆነ ፒያኖዬን ያበላሽብኛል የሚለው ፍርሃት የተሸነፈው፣ ሥራውን የፈተኑ የሙዚቃ መምህራን ለሌሎች መመስከር ሲጀምሩ ነው። በ1836 ፒያኖን ራስ በራስ ስለ መቃኘት ያሳተመው መጽሐፍም ስሙን አጸናለት። መጽሐፉ የተጻፈው ለማንኛውም አንባቢ ነበር። ለዓይነ ስውር ተማሪ ሲባል ደረጃ በደረጃ የተፈታው ዕውቀት ለዓይናማውም ግልጽ ሆነለት ማለት ነው። ይህ ነጥብ ለመምህራን ከፍ ያለ ትርጉም አለው።

ለ. ዘዴው ቀርቶ ስሙ ሲወረስ

የፓሪሱ ልምድ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። የዓይኑ ብርሃን የደከመው ሐኪም ቶማስ ሮድስ አርሚቴጅ በ1868 የዓይነ ስውራንን ጉዳይ የሚከታተል ማኅበር መሠረተ፤ በ1872ም ፍራንሲስ ካምቤል ከተባለው አሜሪካዊ ዓይነ ስውር መምህር ጋር በመሆን በለንደን የዓይነ ስውራን ኮሌጅ እንዲከፈት አደረገ። በኮሌጁ ሙዚቃና የፒያኖ ቅኝት ዋነኛ ትምህርቶች ነበሩ፤ የፒያኖ ቅኝትም ለብዙ ዓይነ ስውራን መተዳደሪያ ሆነ።

ከዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ እናገኛለን። ከጊዜ በኋላ «ዓይነ ስውር ከሆነ ፒያኖ ቃኚ ይሁን» የሚለው አስተሳሰብ ራሱ ልማድ ሆነ። ሞንታል በክልከላ ላይ ተነሥቶ ያስከፈተው በር በሌሎች ዘንድ አዲስ አጥር ወደ መሆን አዘነበለ። ብዙዎቹ ተቋማት የወረሱት የሙያውን ስም እንጂ ሞንታል ሙያውን የፈታበትን ዘዴ አልነበረም። ዘዴው ቢወረስ ኖሮ ጥያቄው ከፒያኖ ወደ ሌላ መሣሪያ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሙያ በተሸጋገረ ነበር።

ሐ. የብስክሌቱ ፍሬን

ዘዴው ራሱ እንደ ገና በግልጽ የታየው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ፈጽሞ በተለየ ቦታና በሌላ ዓይነት ጉዳት ላይ ነው። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ማርክ ጎልድ፣ ቀደም ሲል የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለባቸው ልጆች መምህር ነበር። በዚያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች ካደጉ በኋላ የሚውሉት ለእነርሱ ብቻ በተለዩ ወርክሾፖች ሲሆን፣ የሚሰጣቸውም እጅግ ቀላልና ክፍያው አነስተኛ የሆነ ሥራ ነበር።

ጎልድ በ1972 ባሳተመው ጥናት ከእንዲህ ዓይነት ወርክሾፖች የመጡ 64 ሰዎችን 15 ክፍሎች ያሉት የብስክሌት የኋላ ጎማ ፍሬን መግጠም አስተማረ። ሥራው ለማንኛውም ጀማሪ አስቸጋሪ ነው። መምህሩ ግን ረጅም ማብራሪያ አልሰጠም። ሥራውን በጥቃቅን እርምጃዎች ከፋፈለው፤ ክፍሎቹን በሚገጠሙበት ቅደም ተከተል ደረደራቸው፤ ለግማሾቹ ሠልጣኞች ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ወደ ሠልጣኙ የሚዞርበትን ወገን ቀለም ቀባው። ቀለም የተቀባላቸው በፍጥነት ተማሩ። አይችሉም ተብለው የተተዉ ሰዎች የተወሳሰበ የፋብሪካ ሥራ ሊማሩ እንደሚችሉ በዚህ ታየ።

ጎልድ ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ የመምህሩን ኃላፊነት የሚያከብድ ነው። እንደ እርሱ አመለካከት የአንድ ሰው የአእምሮ ውሱንነት መጠን ሊለካ የሚገባው ሰውየው መማር በማይችለው ነገር ሳይሆን፣ እርሱን ለማስተማር በሚያስፈልገው የማስተማር ኃይል ነው። ሠልጣኙ ሳይገባው ሲቀር መምህሩ ሌላ መንገድ መሞከር አለበት እንጂ የሠልጣኙን ስም ከመዝገብ መሰረዝ የለበትም።

በ1980ዎቹ ይህ አስተሳሰብ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። አስቀድሞ በተለየ ቦታ ማሠልጠን፣ ከዚያም ሥራ መፈለግ የሚለው ልማድ ተገልብጦ፣ ወጣቱን በእውነተኛው መሥሪያ ቤት ማስቀጠርና አሠልጣኙ እዚያው አብሮት ሆኖ ማስተማር፣ ከዚያም ቀስ በቀስ መራቅ የሚለው አሠራር ተስፋፋ። የአሜሪካ መንግሥት በ1986 ባሻሻለው የተሐድሶ ሕግ ለዚህ አሠራር እውቅና ሰጠ። ሞንታል ደንበኛ ፍለጋ ብቻውን የተንከራተተበት ክፍተት በዚህ አሠራር የሥልጠናው አካል ሆነ።

መ. የአገራችን መንገድ

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከዘመናዊ ትምህርት መምጣት በፊት አንድ የሚያስተውሉት ምሳሌ ይገኛል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዜማና ቅኔ በቃል ይሰጥ ስለ ነበር ብዙ ዓይነ ስውራን ከዓይናማ ባልንጀሮቻቸው ጋር እኩል ተምረው ለመምህርነት በቅተዋል። ስለ ዓይነ ስውራን መብት የተደነገገ ሕግ ስለ ነበረ አይደለም፤ ትምህርቱ በጆሮ የሚያዝ ስለ ነበር ነው። የዕውቀቱ መልክ ተስማሚ ሲሆን በሩ ሳይንኳኳ ይከፈታል።

በዘመናዊው አስተዳደር ዘንድ ግን ጉዞው ረጅም ሆነ። በትእዛዝ ቁጥር 70/1963 የአካል ጉዳተኞችን ተሐድሶ የሚከታተል መንግሥታዊ ድርጅት ሲቋቋም፣ ትእዛዙ አካል ጉዳተኛን የተረጐመው በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት ምክንያት መተዳደሪያውን ለማግኘት የማይችልና ረዳት የሌለው ሰው በማለት ነበር። ትርጓሜው ከአለመቻል ተነሣ።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1955 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 99 አካል ጉዳተኞች በተቻለ መጠን ከሌሎች ሠልጣኞች ጋር በአንድነትና በእኩል ሁኔታ እንዲሠለጥኑ አሳስቦ ነበር። በ1983 ደግሞ ስምምነት ቁጥር 159ን አጸደቀ፤ ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በ1991 ተቀበለች። ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 101/1986 ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ የሥራ መደቦች እንዲያዙ አደረገ። ይህ ከቸርነት ወደ መብት የተደረገ እርምጃ ነበር፤ ይሁን እንጂ «የትኛው ሥራ ለእርሱ ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ እንዳለ አቆየው።

አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይህን በግልጽ ተናገረ። በመግቢያው እንዳመለከተው፣ ቀድሞ የነበረው ሕግ መደቦችን ለይቶ በመያዙ አካል ጉዳተኞች በብቃታቸው ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ ናቸው የሚል ገጽታ ፈጥሯል። ስለዚህ አዲሱ አዋጅ ትኩረቱን ከሰውየው ወደ ሥራው መለሰው። አሠሪው የሥራ መሣሪያውን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የሥራውን መስፈርትና አካባቢውን ለሠራተኛው በተመጣጣኝ ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ጣለበት። በ2002 ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የሙያ ሥልጠና ያለ አድልዎ እንዲሰጥ ያዛል። በሌላ አነጋገር፣ ሞንታል በአሮጌ ፒያኖ፣ ጎልድ በብስክሌት ፍሬን ያሳዩትን ሕጉ በራሱ ቋንቋ ደነገገው።

ሠ. ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ሕግ አሠሪን ሊያስገድድ ይችላል፤ ሙያን ፈትቶ መልሶ መግጠም ግን የሚችለው ሙያውን የሚያውቅ መምህር ብቻ ነው። ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦችን ማቅረብ ይቻላል።

1ኛ/ መምህሩ ሠልጣኙን ከመመዘኑ በፊት ሥራውን ይተንትን። በእንጨት ሥራ ክፍል ሜትር ማንበብ የማይችል ሠልጣኝ በልኩ የተቆረጠ አንድ ጣውላ እንደ መለኪያ ቢሰጠው ሥራው ይቀናዋል። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ የሚናገረው መስማት የተሳነውን ሠልጣኝ ያመልጠዋል፤ ፊቱን ወደ ሠልጣኞቹ መልሶ በተግባር ሲያሳይ ግን ሁሉም ይጠቀማሉ።

2ኛ/ ወጣቱ መሣሪያውን የመንካት ዕድል አይነፈገው። «አደጋ ይደርስበታል» የሚለው ሥጋት እርግጥ ነው፤ መልሱ ግን የመከላከያ ሽፋን፣ ሥርዓትና ቅርብ ክትትል እንጂ ክልከላ አይደለም።

3ኛ/ ፕላን አውጪዎች ሥልጠናን በምስክር ወረቀት ቀን አያብቁት። በጀት ሲያዝ ወጣቱ ከተቀጠረ በኋላ አሠልጣኙ እየሄደ የሚረዳበት ጊዜና ወጪ አብሮ ይታሰብ። የሥልጠናው ውጤትም የሚቆጠረው በተመረቁት ሳይሆን ሥራ ላይ በቆዩት ብዛት ይሁን።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው መባሉ የማይቀር ነው። ሆኖም ጎልድ የተጠቀመበት ቀለምና የተስተካከለ አደራደር ነው፤ ሞንታል የተጠቀመበት የተጣለ ፒያኖ ነው። ውድ የሆነው ነገር የመምህሩ ጊዜና አስተውሎት ነው፤ ይህም በሥራ ጫና ለተያዘ መምህር ቀላል እንዳልሆነ ሊታወቅ ይገባል። ስለዚህ ሸክሙ በመምህሩ ላይ ብቻ የሚጣል ሳይሆን፣ የመምህራን ማሠልጠኛዎች የሥራ ትንተናን እንደ አንድ የማስተማር ጥበብ ሊያስተምሩት፣ አስተዳደሩም የዝግጅት ጊዜ ሊመድብለት ይገባል። ይህ ሳይሆን ቢቀር ከማሠልጠኛው በር የሚመለሰው ወጣት ያልቻለ መስሎን እንሸኘዋለን፤ ያልተዘጋጀው ግን ሙያው ነው።