«በምን ውል?» ሳይጻፍ ለተሠራ ሥራ ዋጋ የመጠየቅ ታሪካችን



አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ከጎጃም አዲስ አበባ መጥቼ ከአንድ የአገሬ ሰው ቤት ገባሁ። ሦስት ዓመት እንጀራ ጋገርኩ፣ ልብስ አጠብኩ፣ ልጆች አዘልኩ። ደመወዜን ስጠይቅ «እየተጠራቀመልሽ ነው፤ አንቺ እኮ ልጃችን ነሽ» እባል ነበር። እናቴ ታማ ወደ አገር ልመለስ ስነሳ የተጠራቀመውን ጠየቅኩ። የቤቱ እመቤት የመለሱልኝ በጥያቄ ነበር፦ «በምን ውል?» የመሳፈሪያ ገንዘብና አንድ ነጠላ ይዤ ወጣሁ። ወረቀት ከሌለኝ መብትም የለኝም ብዬ ስላመንኩ፣ ዳኛ ፊት መቆም በሐሳቤም አልመጣ።

ብዙ ዓመታት አልፈው ማኅበራችን ባዘጋጀው የሕግ ትምህርት ላይ አንዲት ጠበቃ፣ ተቀጥሮ ለመሥራት የተጻፈ ውል ግዴታ እንዳልሆነ፣ ይህም ሕግ እኔ ሳልወለድ የወጣ መሆኑን ሲነግሩን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ አዋቂ ጠየቅኩ፣ የሕግ መጻሕፍትንም አገላበጥኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ወረቀት ሳይኖር ሒሳብ ነበረ

አያቶቻችን አብዛኞቹ መጻፍ አይችሉም ነበር። ሥራቸው ግን ሒሳብ ነበረው። በወንፈል አንድ ቀን ያረመችልሽን ጎረቤት አንድ ቀን ታርሚላታለሽ፤ ቀኑን የሚረሳ የለም። ደቦ የጠራ ሰው ጠላና ምግብ ማቅረብ እንዳለበት ያውቃል። ሸማኔው ለሚሠራው ጋቢ፣ እረኛው ለሚጠብቀው ከብት የሚያገኘው በአካባቢው ልማድ የታወቀ ነበር። ለቤት አገልጋይም ቀለብና የዓመት ልብስ ይሰጥ ነበር።

ክርክር ሲነሳ ባለጉዳዮቹ ሽማግሌ ፊት ወይም ዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ መንገደኛ አስቁሞ «ፍረደን» ማለትም የቆየ ልማድ ነው። በበላ ልበልሃ ሙግት ዋናው ነገር ምስክርና ዋስ ነበር። ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ለዘመናት የአገሪቱ የፍርድ መሠረት ሆኖ ኖሯል። የሠራተኛ ዋጋ ሳይከፈል እንዳያድር የሚያዝዘው የሙሴ ሕግም በቤተ ክርስቲያን ሲነገር የኖረ ነው።

ነገር ግን ይህ ሥርዓት አንድ ጉድለት ነበረው። የሸማኔው ሥራ አደባባይ ላይ ይታያል፤ የእረኛውን መንጋ መንደሩ ሁሉ ያየዋል። የሴቷ ሥራ ግን ማጀት ውስጥ ነው። ምድጃ ዳር ለተሠራ ሥራ ማን ይመስክር?

በባርነት ለተያዙትማ ክርክሩም አልነበረም። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ። ከዚያም በኋላ ግን መሄጃ ያጡ ብዙዎች በዚያው ቤት ለምግብና ለልብስ ብቻ ሲያገለግሉ ኖረዋል። «ልጃችን ነሽ» የምትለው ቃል ስንት ዓመት ደመወዝ እንደበላች የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ዳኛው ወደ መንደር ሲቀርብ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ፍርድ ቤቶች በ1934 ዓ.ም. እንደ አዲስ ተደራጁ። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ለአነስተኛ ጉዳዮች የአጥቢያ ዳኞች ተቋቋሙ። ጥቂት ብር የቀረባት ሴት ሩቅ ሳትሄድ አቤት የምትልበት በር ተከፈተ ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተመሠረቱ፤ የቀበሌ የፍርድ ሸንጎዎችም አብረው መጡ። የዳኛው ስም በየዘመኑ ቢለዋወጥም የትንሽ ገንዘብ ክርክር በሰፈር መታየቱ ቀጠለ።

የ1952ቱ ሕግ ምን አለ?

ትልቁ ለውጥ የመጣው በፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ለእኛ የሚጠቅሙን አራት ቁጥሮች አሉት።

በቁጥር 1719 መሠረት፣ ሕግ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ውል የተለየ አጻጻፍ አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ወገኖች መስማማታቸው ይበቃል። ቤትና ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ጽሑፍ ግድ ነው። እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብ፣ ልጅ ለመጠበቅ ግን በቃል መስማማትም ውል ነው። ያኔ «በምን ውል?» ስባል «በቃል ውል» ማለት እችል ነበር።

ቁጥር 2162 ደግሞ አላግባብ መበልጸግን ይመለከታል። በሌላ ሰው ሥራ ወይም ሀብት ያለ በቂ ምክንያት የተጠቀመ ሰው፣ በተጠቀመበት መጠን መካስ አለበት ይላል። እህቶቼ፣ ሕጉ «ሀብት» ብሎ አላቆመም፤ «ሥራ»ንም ጨምሯል። ዋጋ ሳይቆረጥ የሠራች ሴት የምትጠይቀው ምጽዋት ሳይሆን ሌላው ሰው የተጠቀመበትን የራሷን ድካም ነው።

ቁጥር 2001 ሸክሙን ይነግረናል፦ ግዴታ አለ የሚል ሰው ማስረዳት አለበት። ቁጥር 2002 ማስረጃዎቹን ሲዘረዝር ከጽሑፍ ሌላ ምስክርን፣ የሕሊና ግምትን፣ የተከራካሪን እምነትና መሐላን ይቀበላል። ወረቀት ከማስረጃዎቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

የፍርድ ቤት መክፈያ ያጣችም ተስፋ አትቁረጥ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ ድሃ ሰው የዳኝነት ሳይከፍል የሚከስበትን መንገድ ደንግጓል።

ደጅ የቀረው የቤት ሥራ

በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ወጡ። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቃል ቅጥርን ይቀበላል። አሠሪው ውሉን ካልጻፈ በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም። የደመወዝ ጥያቄ ግን መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

በሆቴል፣ በፋብሪካ፣ በሱቅ የተቀጠራችሁ ይህ ይመለከታችኋል። በግለሰብ ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። ለእነሱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል የሚለው ተስፋ በሦስቱም አዋጆች ተጽፏል። የእነሱ ክርክር የሚታየው በዚያው በ1952ቱ ሕግ ነው።

ማስረጃው የት አለ?

እኔን የጎዳኝ የወረቀት መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ ብዬ አለማሰቤም ነው። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምገዛበት ባለሱቅ ያውቀኝ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ሰው፣ አጥር ለአጥር የምናወራው የጎረቤት ሠራተኛ፣ ልጆቹን የማደርስበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ሁሉም ያውቁኝ ነበር። ለሰፈሩ ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚከፈልም ደላላው ይናገር ነበር። «አብልተንሻል፣ አልብሰንሻል» ቢሉኝ፣ አዳሪ ሠራተኛ ምግብና መኝታ የምታገኘው ከደመወዟ በተጨማሪ መሆኑን ከእነሱ አንዱ ቢመሰክር ይበቃ ነበር።

ይህን ያወቀች አንዲት አባላችን ከእኔ የተሻለ አደረገች። ለሠርግ ድግስ ዋጋ ሳትቆርጥ እንጀራ ጋገረች፣ ጠላ ጠመቀች። ድግሱ ካለፈ በኋላ የተሰጣት ገንዘብ የማገዶዋን እንኳ አልሸፈነም። ከሰሰች። አብረዋት የጋገሩትን ሁለት ሴቶች ስለ ሥራው ብዛት፣ ሌላ የድግስ ጋጋሪ ደግሞ ስለ ወቅቱ ዋጋ በምስክርነት ቆጠረች። ምስክሮቹ ሳይሰሙ በሁለተኛው ቀጠሮ ባለ ድግሱ ሽማግሌ ልኮ ታረቀ፤ ቀሪውንም ከፈለ። ያሸነፈላት ቁጣዋ ሳይሆን የሥራዋን ብዛትና የገበያውን ዋጋ ማስረዳት መቻሏ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ስለዚህ ከተቻለ እንጻፍ። ካልተቻለ ዋጋውን ሰው ባለበት እንቁረጥ። የገባንበትን ቀን፣ የሠራነውን፣ የተቀበልነውን በደብተር እንያዝ፤ ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር እንዲሆን እንጠይቅ። መጻፍ የማትችል እህት በቁጠባ ስብሰባችን ቀን ለጸሐፊያችን ትንገር፤ ጸሐፊያችን ትመዘግብላታለች። ዘግይታ የመጣችም ጊዜው አልፎባት እንደሆነ ጠበቃ ሳትጠይቅ አትመለስ።

እኔ የሦስት ዓመት ድካሜን አላስመለስኩም። እናቴም ያንን ገንዘብ ለመድኃኒቷ ሳታገኘው አረፈች። አሁን ግን ከገጠር መጥታ ወደ ማኅበራችን ለምትገባ ልጅ መጀመሪያ የምነግራት ይህን ነው፦ «በምን ውል?» ብለው ቢጠይቁሽ አትደንግጪ፤ መልስ አለሽ።

ቸር ያሰንብተን።