ሐሩርና ወበቅ በዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድሮች

ሐሩር፣ ወበቅ፣ ዶፍ ዝናብና ማዕበል ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድሮችን ያውካሉ፤ የሚካሄዱበትን ሰዓት፣ ወርና አገርም ያስለውጣሉ። ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳው ከሁለት ሰዓት በላይ በአስፋልት ላይ የሚሮጠው የማራቶን አትሌት ነው፤ በዚህም ምክንያት ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካል። የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ ከመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ጀምሮ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል ሯጮችም በዚሁ ታሪክ ውስጥ የራሳቸውን ስፍራ ይዘዋል። በዚህ መጣጥፍ ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው፣ የውድድር መነሻ ሰዓቶቹ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ሙቀት በሯጭ ሰውነት ላይ

የሚሮጥ ሰው ጡንቻ ከሚጠቀመው ኃይል ሦስት አራተኛ ያህሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያወጣው በዋናነት ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ላቡ ቶሎ ይተንና ሰውነት ይቀዘቅዛል። ወበቅ ሲሆን ግን አየሩ እርጥበት ስለሞላው ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ሯጩ ውኃውን ያጣል፣ ቅዝቃዜውን ግን አያገኝም። ደሙ በቆዳና በጡንቻ መካከል ይከፈላል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ እግር ይከብዳል። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍና አእምሮ መሳት ሲጀምር በሙቀት መመታት ይባላል፤ ሕመምተኛው ወዲያውኑ በረዶ ባለበት ውኃ ካልተነከረ ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ስለዚህ የውድድር ሐኪሞች የአየሩን ሙቀት ብቻ አይመለከቱም። የሚጠቀሙበት መለኪያ ሦስት ንባቦችን ያጣምራል፦ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ቴርሞሜትር 70 በመቶ፣ የፀሐይን ጨረር የሚለካው ጥቁር ሉል 20 በመቶ፣ ተራው ቴርሞሜትር ደግሞ 10 በመቶ ይይዛሉ። ለእርጥበት ይህን ያህል ክብደት የተሰጠው ለሯጭ ከሐሩር ይልቅ ወበቅ ስለሚከፋ ነው።

ኢትዮጵያውያን ሯጮች አፍሪካውያን ስለሆኑ ሙቀት አይከብዳቸውም የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው የበቆጂ አካባቢ ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። እንጦጦና ሱሉልታ የሚሠለጥን አትሌት ጎሕ ሲቀድ የሚነሣው ለውርጭ ለብሶ ነው። የደጋ ልጅ ለቆላ ሙቀት እንግዳ ነው፤ ሰውነቱ እስኪለምደውም ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል።

ከሮም እስከ ቶኪዮ፦ የመጀመሪያዎቹ ወርቆች

በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ማራቶን በብርቱ ፀሐይ ሲካሄድ ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ በማግሥቱም ሞተ። ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

በ1960 የሮም ኦሊምፒክ አዘጋጆች የሴፕቴምበርን ቀትር ለመሸሽ ማራቶኑን ከቀኑ 11:30 አስጀመሩት። የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች የተሮጡት ከመሸ በኋላ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 2:15:16.2 ገብቶ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው በዚያ ምሽት ነበር። ዓለም የሚያስታውሰው ያ የችቦ ብርሃን የመጣው ለሯጮች ጤና ሲባል ሰዓት ከመለወጡ ነው።

በ1964 ቶኪዮ ከሰዓት አልፋ ወሩን መረጠች። የጃፓን በጋ ወበቅ እንደሆነ ስለሚታወቅ ኦሊምፒኩ በኦክቶበር ተካሄደ፤ አበበም 2:12:11.2 ሮጦ በማራቶን ሁለተኛውን ወርቅ በመውሰድ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ማሞ ወልዴ በ1968 ያሸነፈበት የሜክሲኮ ኦሊምፒክም በኦክቶበር ነበር። የወሩ ምርጫ የተለወጠው በኋላ ነው። ለ2020 ኦሊምፒክ ማመልከቻ ያስገቡ ከተሞች ውድድሩን ከጁላይ 15 እስከ ኦገስት 31 ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲያዘጋጁ ተጠየቁ፤ ይህ ጊዜ ከታላላቅ የቴሌቪዥን የስፖርት ፕሮግራሞች ጋር የማይጋጭ፣ ለሰሜኑ የዓለም ክፍል ግን ከሁሉ የከፋ የሙቀት ወቅት ነው።

አቴንስና ሞምባሳ

በ2004 በአቴንስ የሴቶች ማራቶን በ35 ዲግሪ ሙቀት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተጀመረ። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረችው ፓውላ ራድክሊፍ አቋርጣ ወጣች፤ ጃፓናዊቷ ሚዙኪ ኖጉቺ ስታሸንፍ ኢትዮጵያዊቷ እልፍነሽ ዓለሙ አራተኛ ሆነች።

በማርች 2007 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በኬንያዋ የወደብ ከተማ ሞምባሳ ተካሄደ። ቀነኒሳ በቀለ ከ2002 እስከ 2006 የአጭሩንም የረጅሙንም ርቀት ወርቅ በየዓመቱ ሲጠቀልል ቆይቷል። በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ወበቅ ግን በመጨረሻው ዙር አቋርጦ ወጣ፤ ኤርትራዊው ዘረሰናይ ታደሰ አሸነፈ። ሴቶቹም በዚያው ወበቅ ሲሮጡ ጥሩነሽ ዲባባ ሁለተኛ ሆናለች። ቀነኒሳ በዓመቱ በቀዝቃዛዋ የስኮትላንድ ከተማ ኤድንብራ ወርቁን መልሶ ወሰደ።

ዶሃ 2019

የ2019 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ለኳታር ሲሰጥ አዘጋጆቹ ስታዲየሙን አቀዘቀዙት፤ ጎዳናውን ማቀዝቀዝ ግን አይቻልም ነበር። ስለዚህ ማራቶኑ እኩለ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ተጀመረ። የሴቶቹ ውድድር በተነሣበት በሴፕቴምበር 27 ሌሊት ሙቀቱ 32 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ። ከእነዚህ መካከል ሦስቱም የኢትዮጵያ ተወካዮች፣ ሮዛ ደረጀ፣ ሩቲ አጋና ሹሬ ደምሴ ነበሩ። ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ያሸነፈችበት 2:32:43 በዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ታሪክ ከሁሉ የዘገየ የአሸናፊ ሰዓት ሆነ።

ወንዶቹ በስምንተኛው ቀን በዚያው ጎዳና፣ በዚያው ሰዓት ሮጡ። ሙቀቱ 29 ዲግሪ ያህል ቢሆንም እርጥበቱ በብዙ ቀንሶ ነበር። ሌሊሳ ዴሲሳ 2:10:40፣ ሞስነት ገረመው 2:10:44 ገብተው ወርቅና ብር ወሰዱ፤ ኢትዮጵያም በ2001 ገዛኸኝ አበራ በኤድመንተን ካገኘው በኋላ የወንዶች ማራቶን የዓለም ወርቅን እንደገና አገኘች። አንድ አገር በአንድ ሻምፒዮና በሴቶቹ ሁሉንም ሯጮች ሲያጣ በወንዶቹ አንደኛና ሁለተኛ ወጣ። ለዚህ ልዩነት የወበቁ ድርሻ ትልቅ ነበር።

ሳፖሮ 2021

የዶሃው የወንዶች ውድድር ካለቀ ከ10 ቀን በኋላ፣ በኦክቶበር 16 ቀን 2019፣ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የ2020 የቶኪዮ ኦሊምፒክን የማራቶንና የእርምጃ ውድድሮች 800 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን ወደምትገኘው ሳፖሮ ለማዛወር ማቀዱን አስታወቀ። የቶኪዮ ከተማ ሳትወድ ተቀበለችው። ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ 2021 ተላለፈ፤ በኦገስት ሲደርስ ግን ሳፖሮም ሞቃ ነበር። የሴቶቹ ማራቶን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት መቅደሙ የተነገረው በዋዜማው ምሽት ነው። ሮዛ ደረጀ አራተኛ ሆነች። በማግሥቱ በወንዶቹ ሌሊሳ ዴሲሳ፣ ሹራ ቂጣታና ሲሳይ ለማ፣ ሦስቱም የኢትዮጵያ ተወካዮች፣ ሳይጨርሱ ወጡ፤ ከ106 ተወዳዳሪዎች 30ው አቋርጠዋል። አበበ በ1964 በጃፓን ሲያሸንፍ ሯጮችን የጠበቃቸው የወሩ ምርጫ ነበር፤ በ2021 ቦታ ተለወጠ፣ ሰዓት ተለወጠ፣ ወሩ ግን አልተነካም።

በተቃራኒው በ2022 በአሜሪካዋ ዩጂን ማራቶኑ በቀዝቃዛ ማለዳ፣ ከጠዋቱ 12:15 ተነሣ። ታምራት ቶላ በ2:05:36፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴ በ2:18:11 የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን ሰበሩ።

ኔጌቭና የቤተ እስራኤል ሯጮች

በደቡብ እስራኤል የምትገኘው ቤርሼቫ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ የሚላት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚኖሩባት ከተማ ናት። ከተማዋ በኔጌቭ በረሃ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ አካባቢ በበጋ ዝናብ የለም፤ የቀትር ሙቀት በአማካይ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። በጸደይና በመከር ደግሞ በዕብራይስጥ ሻራቭ፣ በዐረብኛ ኻምሲን የሚባለው ደረቅ የበረሃ ነፋስ ሲነሣ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሻራቭ በድንገት የሚመጣ በመሆኑ ገና ያልሞቀ ነው ተብሎ ለውድድር በተመረጠ ወርም ሰው ይጎዳል። በማርች 2013 የቴል አቪቭ ማራቶን በሙቀት ማስጠንቀቂያ ምክንያት በአንድ ሳምንት ተላለፈ፤ አስቀድሞ በተያዘው ዕለት በተካሄደው የግማሽ ማራቶን ግን አንድ ሯጭ ሞተ፣ በርካቶችም ሕክምና አስፈለጋቸው። በቀጣዮቹ ዓመታት ማራቶኑ ወደ ፌብሩዋሪ መጨረሻ መጣ።

እስራኤልን በማራቶን በዓለም መድረክ ያስጠሩት ወንዶች በአብዛኛው ኢትዮጵያ የተወለዱ ናቸው። ማሩ ተፈሪ በሳፖሮ 13ኛ ሆነ፤ በኦገስት 2022 በሙኒክ በአውሮፓ ሻምፒዮና ከጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር በ2 ሰከንድ ተቀድሞ ብር ሲወስድ ጋሻው አያሌ ነሐስ አገኘ። በኦገስት 2023 በቡዳፔስት ሙቀት የዓለም ሻምፒዮናው ታምራት ቶላ ሲያቋርጥ ማሩ በ2:09:12 ሁለተኛ፣ ልዑል ገብረሥላሴ ለኢትዮጵያ ሦስተኛ ሆኑ። በሴቶቹ አማኔ በሪሶና ጎተይቶም ገብረሥላሴ ወርቅና ብር ወስደዋል። በሴፕቴምበር 2025 የዓለም ሻምፒዮና ወደ ቶኪዮ ሲመለስ ማራቶኑ ሙቀት ስለተፈራ በግማሽ ሰዓት ቀድሞ ከጠዋቱ 1:30 ተነሣ፤ ትዕግሥት አሰፋ በ2 ሰከንድ ተቀድማ ብር ወሰደች፣ ለእስራኤል የሮጠው ኃይምሮ ዓለሜ በወንዶቹ አራተኛ ሆነ።

የአዘጋጅ አገር ምርጫ

በእግር ኳስ ትልቁ ምሳሌ ኳታር ናት። ፊፋ የ2022ን የዓለም ዋንጫ በዲሴምበር 2010 ሲሰጣት ውድድሩ ለጁንና ለጁላይ የታሰበ ነበር፤ የገምጋሚዎቹ ሪፖርት ሙቀቱ ለጤና ሥጋት መሆኑን አስቀድሞ ቢናገርም አገሪቱ ተመረጠች። በ2015 ውድድሩ ወደ ኖቬምበርና ዲሴምበር እንዲዛወር ተወሰነ። የ2034 የዓለም ዋንጫ ለሳዑዲ ዓረቢያ በመሰጠቱም ያው የወር ጥያቄ ይመለሳል።

በአፍሪካ ደግሞ ዝናብ ወር ያስለውጣል። የአፍሪካ ዋንጫ በ2019 ወደ ጁንና ጁላይ ከተዛወረ በኋላ በካሜሩንና በኮትዲቯር ይህ ወቅት ዝናባማ ስለሆነ ሁለቱም ውድድሮች ወደ ጃንዋሪ ተመለሱ። ኢትዮጵያ የተሳተፈችበት የካሜሩኑ ውድድር በ2022 ሲካሄድ ግን ወሩ ከዝናብ ቢያድንም ከሙቀት አላዳነም፤ የቱኒዚያንና የማሊን ጨዋታ የመሩት ዛምቢያዊ ዳኛ ጃኒ ሲካዝዌ ጊዜው ሳይሞላ ፊሽካ ነፍተው ያስጨረሱ ሲሆን፣ በኋላ በሙቀት ተመትተው እንደነበር ተናግረዋል። ከአፍሪካ ውጭም በ2019 በጃፓን የራግቢ ዓለም ዋንጫ ሃጊቢስ የተባለው አውሎ ነፋስ ሦስት ጨዋታዎችን አሰረዘ። ለ2026 የዓለም ዋንጫ ፊፋ በየአጋማሹ የሦስት ደቂቃ የውኃ ዕረፍት ደንግጓል።

የመከላከያ መንገዶችና ገደባቸው

አዘጋጆች የሚጠቀሙባቸው መንገዶች አራት ናቸው፦ ሰዓትን ወደ ማለዳ ወይም ወደ ሌሊት መለወጥ፣ ከተማን መለወጥ፣ ስታዲየምን ማቀዝቀዝና ወርን መለወጥ። የመጀመሪያው በዶሃ፣ ሁለተኛው በሳፖሮ ተሞክረው ሯጮቹን ማዳን አልቻሉም። ሦስተኛው ለማራቶን አይሠራም። አራተኛው ሁሉንም ስፖርተኞች የሚጠቅም ሆኖ ሳለ ከሊጎችና ከቴሌቪዥን ገበያ ጋር ስለሚጋጭ መጨረሻ ላይ ይታሰባል። አቋርጦ የወጣ አትሌት ስንፍና ሲነገርበት ይሰማል፤ ነገር ግን በዶሃና በሳፖሮ የወጡት ሯጮች የዓመታት ልፋታቸው የፈረሰው ራሳቸው ባልመረጡት ወር ነው።

ኢትዮጵያ ራሷ አዘጋጅ በሆነችባቸው ጊዜያት ውድድሮቹ የተካሄዱት በተስማሚ ወር ነው። ያሸነፈችበት የ1962ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በጃንዋሪ፣ የ1968ቱም በጃንዋሪ፣ የ1976ቱ ከፌብሩዋሪ 29 እስከ ማርች 14፣ ሁሉም ክረምቱ ካለፈ በኋላ በበጋ ተካሂደዋል። ከ2001 ጀምሮ አዲስ አበባን በሯጮች የሚሞላው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም በኅዳር ይካሄዳል፤ ዝናቡ አብቅቶ ማለዳው የሚቀዘቅዝበት ወር ነው። ገበሬ ዘርና አጨዳን በወሩ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ እነዚህ ውድድሮችም ከሰማዩ ጋር በሚስማማ ወር ተካሂደዋል።