ሸክም ይዞ መሸሽ፦ ቶክዮ በ1915 ዓ.ም.

ነሐሴ 26 ቀን 1915 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መጠኑ 7.9 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶክዮንና ዮኮሃማን መታ። በየቤቱ ለምሳ የተቀጣጠለው ከሰል በእንጨት ቤቶቹ ላይ ተደፋ፤ ብርቱ ነፋስም እሳቱን ከሰፈር ሰፈር አዛመተው። የሞቱትና የጠፉት 105,000 ያህል ናቸው። ከእነዚህ ከአስሩ ዘጠኙ የሚሆኑት የተቃጠሉ እንጂ ፍርስራሽ የተጫናቸው አይደሉም። መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ የነበራቸው ጊዜ ለብዙዎቹ ነፍስ ማትረፊያ ይበቃ ነበር።

ያን ጊዜ የበላባቸው ዕቃቸው ነው። ፍራሹን፣ የልብስ ሣጥኑን፣ የወጥ ቤት ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ያልወጣ ጥቂት ነበር። ነገሩ በከተማዋ አዲስ አልነበረም። ቶክዮ ገና ኤዶ እየተባለች፣ እ.ኤ.አ. በ1657 በተነሳው ታላቅ ቃጠሎ፣ ሰዎች መንኮራኩር ያለው ሣጥን እየጎተቱ ሲሸሹ መንገዱ ተዘግቶ ብዙዎች አልቀዋል። መንግሥትም ከጊዜ በኋላ ያን ዓይነት ሣጥን ከለከለ። ከ266 ዓመት በኋላ ግን ክልከላው ተረስቶ፣ በሣጥኑ ፋንታ ጋሪው ያንኑ መንገድ ዘጋ።

ከሁሉ የከፋው ሆንጆ በተባለው ሰፈር የደረሰው ነው። የጦር ሠራዊቱ ልብስ ማምረቻ ተነስቶ ባዶ በቀረው ሰፊ ሜዳ ላይ 40,000 ያህል ሰው ዕቃውን ከምሮ ተጠለለ። አሥር ሰዓት ገደማ ነበልባሉ እንደ አውሎ ነፋስ እየተሽከረከረ መጣና የተከመረውን ዕቃ አያያዘው። በዚያ ሜዳ ብቻ 38,000 ያህል ሰው አለቀ።

እዚያው አቅራቢያ በሱሚዳ ወንዝ ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሺን-ኦሃሺ በተባለው የብረት ድልድይ የቆሙ ፖሊሶች የሚሻገረውን ሁሉ ዕቃውን እንዲጥል አስገደዱት። ንብረቱን ጣል የተባለ ሰው ምን ያህል እንደሚቆጣ መገመት አያዳግትም። ፖሊሶቹ ግን አልተመለሱም። ሌሎች ድልድዮች ሲነዱ ያ ድልድይ ተረፈ፤ የሸሸበትም ሕዝብ ተረፈ። በካንዳ ሰፈር ደግሞ ነዋሪዎቹ ከመሸሽ ይልቅ ባልዲ እየተቀባበሉ እሳቱን ሲዋጉ አድረው 1,600 ያህል ቤት አዳኑ።

ከእሳቱ ያመለጡት ወደ ኡዌኖ መናፈሻ ጎረፉ። በዚያ የቆመው የሳይጎ ታካሞሪ ሐውልት የጠፋ ዘመድ በሚፈልጉ ሰዎች ወረቀት ተሸፈነ። ጋዜጣ ቤቶች ተቃጥለዋል፣ ስልክ ተቋርጧል፤ ዜና የሚሄደው በስደተኛው አፍ ነበር። በዚያው አፍ «ኮሪያውያን ጉድጓድ እየመረዙ፣ ቤት እያቃጠሉ ነው» የሚል ሐሰት ተዛመተ። ፖሊስና ባለሥልጣናትም ራሳቸው አሰራጩት፤ የነሱን ጥፋት በድንጋጤ ማመካኘት አይቻልም። የሰፈር ወጣቶችና ጎልማሶች ቀርቀሃ አሹለው፣ ጎራዴ ታጥቀው መንገድ ዘጉ። ኮሪያዊውን ከአነጋገሩ ለመለየት አላፊውን በጃፓንኛ «15 የን ከ50 ሴን» እንዲል ያዝዙት ነበር፤ አነጋገሩ ያላማራቸው ተገደለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን አለቁ፤ ቻይናውያንም፣ አነጋገራቸው ያጠራጠረ የሌላ አውራጃ ጃፓናውያንም ጭምር።

በዮኮሃማ አጠገብ ባለችው ቱሩሚ የፖሊስ አዛዡ ኦካዋ ፁኔኪቺ 300 ያህል ሰዎችን በጣቢያው አስጠልሎ በአደገኛ ሕዝብ ፊት ቆመ። መርዝ ነው የተባለውን ውሃ ከጠርሙሱ ጠጥቶ እንዳሳያቸው ይነገራል። በሌሎች ቦታዎች ግን ጣቢያ ውስጥ የተጠለሉት ሳይቀሩ ተገድለዋል።

ጃፓን ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያን ዕለት የአደጋ መከላከያ ቀን አድርጋ በየዓመቱ ሕዝቡን ታለማምዳለች። የሆንጆው ሜዳ ዛሬ ዮኮአሚቾ መናፈሻ ነው፤ ለተገደሉት ኮሪያውያንም በ1973 እ.ኤ.አ. በዚያው ሐውልት ቆመላቸው። የቶክዮ ገዥዎች ለመታሰቢያው በየዓመቱ የሐዘን መልእክት ይልኩ ነበር። ገዥዋ ዩሪኮ ኮይኬ ግን ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሟቾች ሁሉ በአንድነት አዝናለሁ ብለው መልእክቱን አቋርጠዋል። በእሳት የሞተውና በጎረቤቱ እጅ የተገደለው በአንድ የሐዘን ቃል ሊጠቃለሉ አይገባም፤ መልእክቱ መመለስ አለበት።