ዶሜይኑ በማን ስም ነው?

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለሱቁ የመጀመሪያውን ድረገጽ እያሠራ ነው። «ዶሜይኑን የሚሠራልኝ ልጅ በራሱ ኢሜይል ሊያስመዘግብልኝ ነው» አለኝ። ኧረ ተው! አልኩት።

በ1994 (እ.ኤ.አ.) የዶት ኮም ስም ማስመዝገብ በነጻ ነበር፤ ቀድሞ የጠየቀ ይወስዳል። ጆሹዋ ኩዊትነር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ «ማክዶናልድስ ዶት ኮም» እንዳልተያዘ አይቶ ለድርጅቱ ደወለ። ማን ከቁም ነገር ይቁጠረው! እሱ ሆዬ ለራሱ አስመዘገበው። ያን ያህል ጠበቃ ያለው ድርጅት ስሙን ያገኘው ለአንድ የብሩክሊን ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ማስገቢያ 3,500 ዶላር ሰጥቶ ነው።

በ1995 ክፍያ መጣ፤ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር። ዛሬ ዋጋው ወርዷል፣ መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ግን ያው ባለቤት ነው። ተማሪዬ ዛሬ ማታ ልጁን ሊያናግረው ነው።