«ቸ በለው»፦ የዋልያስ ባንድ ሸክላ

ዓይነት፦ የሙዚቃ ሸክላ ከነሽፋኑ
የተሠራበት፦ ቪኒል፤ ሽፋኑ ካርቶን
ዘመን፦ 1977 እ.ኤ.አ.
መገኛ፦ አዲስ አበባ፤ አሳታሚ ካይፋ ሪከርድስ

ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት፣ ስመ ጥር ድምፃውያንንም ያጅብ ነበር። በዚህ አልበም ግን መሪዎቹ መሣሪያዎቹ ናቸው፤ ድምፃዊ ይይዘው የነበረውን ዜማ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋንና ሳክስፎን ተረክበውታል። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፏል። ከአልበሙ ሥራዎች በሰፊው የታወቀው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው።

ሸክላው ማጫወቻ ላይ ሲዞር መርፌው ከዳር ጀምሮ ቀጭኑን መስመር ተከትሎ ወደ መሃል ይገባል። አንዱ ገጽ ሲያልቅ በእጅ ይገለበጣል።

ኦርጋንና ኤሌክትሪክ ጊታር ከውጭ የመጡ ቢሆኑም ዜማው የቆመው ባለ አምስት ድምፅ በሆኑት የአገር ቅኝቶች ላይ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው። ቅኝቶቹ በማሲንቆና በክራር ሲሰሙ ኖረው በባንድ ዘመንም ቀጥለዋል።

ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከአባላቱ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ሲቀሩ የቀድሞው ስብስብ ተበተነ። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ ለብቻው ካሴት አወጣ። «ቸ በለው» በ2014 ዳግም ታትሟል።