የሚሞቅ ኦል-ኢን-ዋን ኮምፒውተርን በቤት ውስጥ ስለማጽዳት

ኦል-ኢን-ዋን ኮምፒውተር ስክሪኑ፣ ፕሮሰሰሩና ሀርድ ዲስኩ በአንድ አካል የተጣመሩበት በመሆኑ የአየር መተላለፊያው ጠባብ ነው። በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ከተሞች በበጋ የሚነሣው አቧራ መተላለፊያውን ይደፍነዋል። አምቦን በመሰለ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ ደግሞ አየሩ ስስ በመሆኑ ፋኑ የሚያስወጣው ሙቀት ይቀንሳል።

የመሞቅ ምልክቶች የፋኑ ድምፅ መጨመር፣ የሥራ መዘግየትና የኮምፒውተሩ በራሱ መጥፋት ናቸው። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቃረብ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከቀጠለም ኮምፒውተሩ ይጠፋል።

በተጠቃሚው ሊከናወኑ የሚችሉ ተግባራት፦

1. አስፈላጊ ፋይሎችን በፍላሽ ወይም በሌላ ሀርድ ዲስክ ላይ መገልበጥ፤
2. ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ገመዱን ከሶኬት መንቀልና እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፤
3. የጀርባና የሥር የአየር ቀዳዳዎችን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፤ እርጥብ ጨርቅ አለመጠቀም፤
4. ኮምፒውተሩን ከግድግዳ አርቆ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ማስቀመጥ፤ በሥራ ላይ ሳለ በዳንቴል ወይም በጨርቅ አለመሸፈን።

ከጽዳቱ በኋላ ችግሩ ከቀጠለ ፋኑን መቀየር ወይም በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ቴርማል ፔስት ማደስ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። የበርካታ ሞዴሎች ስክሪን በማጣበቂያ የተያያዘ በመሆኑ ሲከፈት በቀላሉ ይሰነጠቃል። ከ220 ቮልት መስመር የሚሠራው ፓወር ሰፕላይ በውስጡ በሚገኝባቸው ሞዴሎችም ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ለአደጋ ይዳርጋል።

የዋስትና ጊዜው ያላለፈ ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት ሻጩን ማነጋገር ይገባል። ለጥገና ሲሰጥም የግል ሰነዶችን አስቀድሞ ማንሣትና የርክክብ ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል።